ያልገባችው ግብ

በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ሻምፒዮን የለየው ነጥብ አልነበረም። ጅማ አባ ጅፋርና ቅዱስ ጊዮርጊስ እስከ መጨረሻዋ ቀን ተናንቀው በእኩል ነጥብ ጨረሱ፤ ዋንጫው ወደ ጅማ የሄደው በግብ ልዩነት ነው። ቡድኑ ገና በዚያው ዓመት ከከፍተኛ ሊግ ያደገ፣ ቀደም ሲል ጅማ ከተማ ተብሎ ይጠራ የነበረ ነው። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ለምትገኝ የቡና ከተማ፣ ያደገችበት ዓመት ሳያልቅ የአገሪቱን ትልቁን ዋንጫ ማንሳት የማይረሳ ደስታ ነበር። ስለዚያ ዓመት ሲነሳ ግን ወሬው የሚጀምረውም የሚያበቃውም በናይጄሪያዊው አጥቂ በኦኪኪ አፎላቢ ነው። 23 ግብ አግብቶ የዓመቱ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኗልና ውዳሴው ቢያንሰው እንጂ አይበዛበትም። ሆኖም የግብ ልዩነት ማለት ካገባኸው ላይ የገባብህ ሲቀነስ የሚተርፈው ነው። በዚህ ሒሳብ አጥቂው መረብ ላይ ያሳረፋት ኳስና ተከላካዩ ከግቡ አፍ ጠርጎ ያወጣት ኳስ ዋጋቸው እኩል ነው። የመጀመሪያዋ ከነአግቢዋ ስም ተመዝግባ ትኖራለች፤ ሁለተኛዋን የሚመዘግብ የለም።

ዋንጫው ከመጣ በአራት ዓመቱ፣ በ2014 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ማብቂያ፣ ጅማ አባ ጅፋር ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም ከመውረድ የተረፈው በጦርነቱ ምክንያት ያልተገኙትን የትግራይ ክለቦች ቦታ ለመሙላት በተዘጋጀው ተጨማሪ ውድድር ነበር። የከተማዋ ሌላው ክለብ ጅማ አባ ቡናም ከእሱ ቀድሞ በ2008 አድጎ በ2009 ተመልሶ ወርዷል። በስድስት ዓመት ውስጥ አንዲት ከተማ ሁለት ክለብ አሳደገች፣ አንድ ዋንጫ አነሳች፣ ሁለቱንም አጣች። ለዚህ ውድቀት የሚሰጠው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ «ኦኪኪን የሚተካ አጥቂ ጠፋ» ወይም «ገንዘብ አለቀ» የሚል ነው። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። እኔ የማምነው ግን የጅማ እግር ኳስ፣ በጅማ በኩልም የኢትዮጵያ እግር ኳስ፣ ሥር የሰደደ ችግሩ ከኋላ መስመሩ እንደሆነ ነው። አጥቂን መግዛት ይቻላል። ተከላካይ ግን ብቻውን አይሠራም፤ ከጎኑ ከሚቆሙት ጋር ዓመታት አብሮ በመሰለፍ የሚበስል ሙያተኛ ነው። ዓመታት ደግሞ እኛ ለተጫዋች የማንሰጠው ነገር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሰፈር ሜዳ ነው። በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰቃ ጨቆርሳ ወይም ወደ ካፋ ሲዘለቅ በቦንጋ፣ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ልጆች ቡድን ሲከፋፈሉ ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ሁለት አለቆች ተራ በተራ ይመርጣሉ። ኳስ የምትታዘዝለት ልጅ መጀመሪያ ይወሰዳል፣ ፊት ይሰለፋል። ፈጣኑ መስመር ይይዛል። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ጉልበት ያለው፣ እግሩ ግን ያልተፍታታ ልጅ «አንተ ኋላ ቁም» ይባላል። ዝናብ ያራሰው ቀይ አፈር ላይ ኳሷ ስትመጣ ከጀርባው የሚሰማው ጩኸትም አንድ ብቻ ነው፤ «አውጣት!»። ልጁ ያወጣታል፣ ይጨበጨብለታል፣ ትምህርቱም በዚሁ ያበቃል። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን በሰፈር ኳስ «ከጨዋታ ውጪ» የሚባል ሕግ አለመኖሩ ነው። መስመር ዳኛ የለም፤ አጥቂ ግብ ጠባቂው አጠገብ ቆሞ ቢጠብቅ የሚከለክለው የለም። ስለዚህ ተከላካዩ ልጅ ሰውን መከተል ይለምዳል እንጂ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በአንድ እርምጃ ወደፊት ወጥቶ አጥቂውን ባዶ ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድን አይማርም። 16 ወይም 17 ዓመት ሞልቶት የአንድ ክለብ የታዳጊዎች ፕሮጀክት ውስጥ ሲገባ፣ አጥቂ ጓደኛው አሥር ዓመት የተለማመደውን ሙያ ይዞ ይመጣል፤ እሱ ግን የሙያውን ፊደል ገና ሊቆጥር ነው።

በቡና አገር ደግሞ ሌላ ጫና ይጨመራል። ለቀማው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ጥቅምትንና ኅዳርን ይዞ እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል፤ ቤተሰብ ሁሉ እጁን የሚፈልግበት ወቅት ነው። የቀላው እሸት ቡና ከተለቀመ ሌሊቱን አያድርም፤ ወደ መፈልፈያው ይወሰዳል ወይም ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። በእነዚያ ወራት የታዳጊ ቡድን ልምምድ ቢሳሳ ልጆቹ የሚወቀሱበት ነገር አይደለም። ችግሩ አንድ አጥቂ ብቻውን ግድግዳ ላይ ኳስ እየመታ ሊለማመድ ሲችል፣ አራት ተከላካዮች ግን አራቱም በአንድ ጊዜ ካልተገኙ የሚለማመዱት ነገር አለመኖሩ ነው። አንዱ ከቀረ መስመር የሚባለው ነገር የለም።

የተከላካይነትን ሙያ ከሁሉ በላይ ያከበረችው አገር ጣሊያን ናት። ጣሊያን ለጅማ እንግዳ አይደለችም፤ በወረራው ዘመን የደቡብ ምዕራብ ግዛታቸውን ዋና ከተማ ያደረጉት ጅማን ነበር፣ የዚያን ጊዜ ሕንጻዎች ዛሬም መሐል ከተማዋ ላይ ቆመዋል። በእግር ኳስ በኩል ከዚያ ዘመን የተረፈን መልካም ነገር ግን የለም። የወራሪው አስተዳደር ኢትዮጵያውያንን ከነጮች ጋር እንዳይጫወቱ ለይቶ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን እንኳ ስሙን አስቀይሮ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አሰኝቶታል። ልንማርባት የሚገባን ጣሊያን ከጦርነቱ በኋላ የመጣችው፣ ተከላካይን እንደ ሊቅ የምታይ ጣሊያን ናት። ከዚያች ጣሊያን አንድ ሰው መምረጥ ካለብኝ የምመርጠው ፍራንኮ ባሬዚን ነው፤ የሕይወት ታሪኩ ለጅማ የሚናገረው ብዙ አለውና።

ባሬዚ እ.ኤ.አ. በ1960 ትራቫሊያቶ በምትባል የሰሜን ጣሊያን የገጠር ከተማ ተወለደ። ወላጆቹን በልጅነቱ አጣ። ኢንተር ሚላን ታላቅ ወንድሙን ጁሴፔን ተቀብሎ እሱን «ደቃቃ ነው» ብሎ መለሰው፤ የተቀበለው የከተማው ባላንጣ ኤሲ ሚላን ነው። በሚያዝያ 1978፣ ገና 18 ዓመት ሳይሞላው፣ ለዋናው ቡድን ተሰለፈ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ልብ ሊባል የሚገባው። ሚላን በ1980 በውርርድ ቅሌት ተቀጥቶ ወደ ሁለተኛው ሊግ ወረደ። ባሬዚ አልሄደም። ቡድኑ ተመለሰ፣ በ1982 ደግሞ በሜዳ ውጤቱ እንደገና ወረደ። ባሬዚ አሁንም ቆየ፤ እንዲያውም በ22 ዓመቱ አምበል አደረጉት። ሁለት ጊዜ ከወረደ ቡድን ጋር ሁለት ጊዜ የወረደ፣ በዚያን ጊዜ ገና 22 ዓመት የሆነው ተከላካይ፣ በእኛ አገር ሒሳብ «የወደቀ» ይባል ነበር። እሱ ግን እስከ 1997 ድረስ በአንድ ክለብ 719 ጨዋታ አደረገ፣ ሦስት ጊዜ የአውሮፓን ዋንጫ አነሳ፣ ሲሰናበት 6 ቁጥር ማሊያው ለማንም እንዳይሰጥ ተወሰነ።

ባሬዚን ያቆየው ፍቅር ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። የሚላን አሠራርም አቆይቶታል። በዙሪያው የተሰበሰቡት ሰዎች ለዓመታት አልተለወጡም፤ ታሶቲ ከ1980 ጀምሮ፣ ማልዲኒ ከ1985 ጀምሮ፣ ኮስታኩርታ ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ። አሠልጣኙ አሪጎ ሳኪ በ1987 ሲመጣ እነዚህን አራት ሰዎች በአንድ ገመድ የታሰሩ ያህል አንድ ላይ እንዲንቀሳቀሱ አስለመዳቸው። ሳኪ ራሱ ደጋግሞ የተናገረው አንድ ልምምድ አለ። ግብ ጠባቂውን ጆቫኒ ጋሊንና አራቱን ተከላካዮች በአንድ ወገን ያቆማል፤ በሌላው ወገን ጉሊትንና ቫን ባስተንን ጨምሮ አሥር ሰው። አሥሩ በ15 ደቂቃ ግብ እንዲያገቡ ይጠየቃሉ፤ ኳስ ከተነጠቁ ከመሐል ሜዳው ኋላ ተመልሰው እንደገና ይጀምራሉ። አላገቡም። ደግመው ሞከሩ፤ አላገቡም። የዓለም ምርጥ አጥቂዎች በቁጥር እጥፍ ሆነው ያልቻሉት አራቱ ከእነሱ ስለሚበልጡ አልነበረም፤ አራቱ እያንዳንዳቸው ሌላው የት እንደሚቆም ሳያዩ ያውቁ ስለነበር ነው። ይህ ዕውቀት በገንዘብ አይገዛም። በ1993/94 ሚላን ሻምፒዮን የሆነው በ34 ጨዋታ 36 ግብ ብቻ አግብቶ ነው፤ የገባበት 15 ነበር።

በዚያው ዓመት ግንቦት አቴንስ ላይ ከባርሴሎና ጋር የአውሮፓ ፍጻሜ ሲደርስ ባሬዚና ኮስታኩርታ ሁለቱም በቅጣት አልተሰለፉም። ፊት ለፊት ሮማሪዮና ስቶይችኮቭ ነበሩ። ሚላን ማልዲኒን ወደ መሐል አስገብቶ፣ ከጎኑ ፊሊፖ ጋሊን አቁሞ 4 ለ 0 አሸነፈ። ሰው ቢጎድል መስመሩ አልጎደለም፤ ዕውቀቱ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሳይሆን በክለቡ ውስጥ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ ባሬዚ ራሱ በዓለም ዋንጫው ከኖርዌይ ጋር ሲጫወቱ ጉልበቱ ላይ ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ከ24 ቀን በኋላ በፓሳዲና የፍጻሜው ሜዳ ላይ ተገኘ። በ34 ዓመቱ፣ በዚያ ሙቀት፣ 120 ደቂቃ ሮማሪዮንና ቤቤቶን ይዞ ጣሊያን ግብ ሳይገባባት አወጣት። ከዚያ የመጀመሪያውን የፍጹም ቅጣት ምት ወደ ሰማይ ላካት። ዓለም ያስታወሰው የቱን እንደሆነ ግልጽ ነው። የተከላካይ ሕይወት በየትም አገር እንዲህ ነው፤ ልዩነቱ ሚላን የ120 ደቂቃውን ሥራ የሚያውቅ፣ የሚመዝን፣ በደመወዝና በክብር የሚመልስ ክለብ መሆኑ ነው።

ወደ ጅማ እንመለስ። ዋንጫው በተነሳ በወራት ውስጥ አሠልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ወደ መቀሌ 70 እንደርታ ሄዱ፤ በሚቀጥለው ዓመትም እዚያ ሻምፒዮን ሆኑ። ኦኪኪ ወደ ግብጹ ኢስማኢሊ ተሻገረ። ቡድኑን የተረከቡት ዘሪሁን ሸንገታ ነበሩ። ጅማ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የጅቡቲውን ቴሌኮም ጥሎ፣ በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የአህጉሩ ባለ ብዙ ዋንጫ ከሆነው አል አህሊ ጋር ተገናኘ። ግብጽ ላይ 2 ለ 0 ተሸነፈ፤ በመልሱ ጨዋታ 1 ለ 0 አሸነፈ። በ180 ደቂቃ ከአል አህሊ ሁለት ግብ ብቻ የገባበት፣ በሜዳው ደግሞ ምንም ያልገባበት ቡድን በአንድ ግብ ልዩነት ወጣ። ኮከብ አጥቂው አልነበረም። የተረፈው የኋላ መስመሩና ጋናዊው ግብ ጠባቂ ዳንኤል አጄይ ነበሩ። ስለእነዚያ ሁለት ጨዋታዎች ያልተጻፈው ትልቅ ነገር ይህ ነው፤ ጅማ በአህጉር መድረክ ያሳየችው ምርጥ ነገር መከላከል ነበር። እሱን የሚያቆይ አሠራር ግን አልነበረም፤ ክለቡ በኮንፌዴሬሽን ካፕ ማጣሪያ በሞሮኮው ሐሳኒያ አጋዲር ተሰናብቶ ወደ ሊጉ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የመውረድ ዓመታት ሆኑ።

በአገራችን ክለቦች የተለመደው የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል ነው። ክረምት ሲገባ የዝውውር መስኮት ይከፈታል፤ አሠልጣኝ ይቀየራል፤ አዲሱ አሠልጣኝ የሚያውቃቸውን ይዞ ይመጣል፤ የፊርማ ገንዘብ ይከፈላል፤ የጥቂት ሳምንት ዝግጅት ተደርጎ ውድድሩ ይጀመራል። አጥቂ በዚህ አሠራር ብዙም አይጎዳም፤ ሁለት ጥሩ ኳስ ካገኘ ሥራውን ሠርቷል። አራት የማይተዋወቁ ተከላካዮች ግን ለመግባባት ግማሽ ዓመት ያስፈልጋቸዋል፤ በተግባቡ ማግስት ውላቸው ያልቃል። ስለዚህ የእኛ ተከላካይ በ30 ዓመቱ ስድስት ክለብ የተጫወተ፣ ሥራው የሚጀምርበት ዓመት እንጂ የሚበስልበት ዓመት ያልገጠመው ሰው ይሆናል። ከዚያ በብሔራዊ ቡድን «የመከላከል ስህተት» እያልን እንወቅሰዋለን።

ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ያውንዴ ላይ የሆነውን የሚያስታውስ ሁሉ ይህን ወቀሳ ያውቀዋል። ኢትዮጵያ ከስምንት ዓመት በላይ ቆይታ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ስትጫወት፣ በ12ኛው ደቂቃ ተከላካዩ ያሬድ ባየህ ወደ ግብ የሚሮጠውን ጁሊዮ ታቫሬስን ጥሎ በቪዲዮ ዳኝነት በቀይ ካርድ ወጣ። ቡድኑ ቀሪውን ከአንድ ሰዓት በላይ በአሥር ሰው ተጫውቶ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ሰው ሁሉ ያየው የመጨረሻዋን ጥፋት ነው። የመጨረሻው ሰው ጥፋት ከመሥራቱ በፊት ግን ኳሷ በስንት ሰው አጠገብ እንዳለፈች፣ መስመሩ ለምን እንደተከፈተ የጠየቀ ጥቂት ነው። ያሬድን በዚያች ደቂቃ ብቻ መመዘን ግፍ ነው። እሱ ለዓመታት በጎንደሩ ፋሲል ከነማ የኋላ መስመር የቆመ፣ ክለቡም በ2013 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆን አምበል የነበረ ተጫዋች ነው። ከጎንደር የመጣው ይህ ማስረጃ ክርክሬን ያጠናክራል፤ በአንድ ቦታ የቆየ ተከላካይ ባለበት ዋንጫም መጥቷል።

በዚህ ክርክሬ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ የሰውነት ጉዳይ ነው። «እኛ አጭርና ቀጭን ነን፤ በአየር ኳስና በግፊያ አንችልም» ይባላል፤ አሠልጣኞች ጭምር ይሉታል። ባሬዚ 1.76 ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ጣሊያንን ለዓለም ዋንጫ ድል ያበቃውና በዚያው ዓመት ባሎን ዶር የወሰደው ፋቢዮ ካናቫሮም 1.76 ሜትር ነው። ሁለቱም የመሐል ተከላካዮች ናቸው። ቁመት ይጠቅማል፣ አልክድም፤ በሽታና የምግብ እጥረትም የልጆቻችንን ሰውነት ይጎዳል። ግን ሥራውን የሚሠራው ቀድሞ መገኘት ነው። ከዚህም የቀረበ ማስረጃ አለ። ቴዎዶር ገብረሥላሴ አባቱ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ነው፤ ትውልዱና እድገቱ ቼክ ሪፐብሊክ። በቀኝ መስመር ተከላካይነት ከስሎቫን ሊበሬች ጋር የአገሪቱን ሻምፒዮንነት አግኝቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የአውሮፓ ዋንጫ ተሰልፎ፣ ከዚያ በጀርመኑ ቬርደር ብሬመን ዘጠኝ የውድድር ዘመን ተጫወተ። ለቼክ ብሔራዊ ቡድን 54 ጊዜ ተሰልፏል። ከእኛ ልጆች የሚለየው ደሙ አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ በመስመር ተሰልፎ ሠልጥኗል፣ ትልቁ ክለቡም ዘጠኝ ዓመት አቆይቶታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጨዋታ ስልት ነው፤ «የእኛ ኳስ በአጭር ቅብብል የሚያምር ኳስ ነው፣ የጣሊያን ዓይነት መከላከል ውበቱን ይገድለዋል»። ይህን የሚሉ ሰዎች የሚወዱትን ነገር እኔም እወደዋለሁ። ግን ባሬዚ ኳስ ነጥቆ የሚጠልዝ ሰው አልነበረም፤ ነጥቆ ራሱን ቀና አድርጎ ወደ መሐል ሜዳ ይዟት የሚወጣ፣ የቡድኑን ማጥቃት የሚጀምር ሰው ነበር። አጭር ቅብብል የሚጀመረው ከኋላ ነው። ከልጅነቱ «አውጣት!» እየተባለ ያደገ ተከላካይ ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ ይደነግጣል፤ የሚያምረው ኳሳችን ከመጀመሩ በፊት የሚበላሸውም እዚያው ላይ ነው።

ከሁሉም የከበደው ተቃውሞ ግን ከራሷ ከጅማ የሚነሳ ነው። መቆየት ይህን ያህል አስፈላጊ ከሆነ፣ ጅማ አባ ጅፋር ባደገበት ዓመት እንዴት ሻምፒዮን ሆነ? ኢትዮጵያ ንግድ ባንክም በ2016 ዓ.ም. ባደገበት ዓመት ዋንጫውን አልወሰደም ወይ? ወስዷል። ብልህ አሠልጣኝ፣ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች፣ አንድ ልዩ አጥቂ በአንድ ክረምት ከተገናኙ አንድ ዓመት ማሸነፍ ይቻላል፤ ይህን መካድ የገብረመድህንን ሥራ ማቃለል ነው። እኔ የምጠይቀው ከዋንጫው በኋላ ስላለው ነው። በግብ ልዩነት የተገኘ ዋንጫ ማለት በጥቂት ያልገቡ ግቦች ላይ የተንጠለጠለ ዋንጫ ነው። በሚቀጥለው ዓመት አጥቂው ሲሄድ ቡድኑን ማቆም የነበረበት የኋላው ነበር። በአል አህሊ ፊት ቆሟል። ከዚያ በኋላ እንዲቆም ማንም አልሠራበትም።

ገንዘብን በተመለከተ ክለቡን የሚያስተዳድሩ ሰዎች የሚሉት ሊናቅ አይገባም። የከተማ ክለብ የሚኖረው በከተማ አስተዳደር በጀትና በደጋፊ መዋጮ ነው፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ሲካሄድ፣ ጅማም በዩኒቨርሲቲዋ ስታዲየም ለጥቂት ሳምንታት ብታስተናግድም፣ ክለቦች በየሜዳቸው የሚሰበስቡት የመግቢያ ገቢ ቀርቷል። በጀቱ በየዓመቱ ለሚጸድቅ ተቋም የሦስት ዓመት ውል መፈረም ያስፈራል። ነገር ግን ርካሹ የትኛው ነው? በየክረምቱ ለአሥርና ለአሥራ አምስት አዲስ ተጫዋች የሚወጣው የፊርማ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ በ2011 ዓ.ም. የወር ደመወዝ ጣሪያን 50 ሺህ ብር ብለው ሲወስኑ ሊያስታግሱት የፈለጉት ይህንኑ እሽቅድድም ነበር፤ ጣሪያው ግን የውሉን ዕድሜ አልነካም። በአንድ ዓመት ውል የተያዘ ተጫዋች ሲሄድ ክለቡ ምንም አያገኝም። በሦስት ዓመት ውል የተያዘ ከሆነ ገዢው ይከፍላል። በዓለም አቀፍ ዝውውር ደግሞ የፊፋ ደንብ ልጁን ከ12 እስከ 21 ዓመቱ ላሠለጠነ ክለብ ካሳ እንዲከፈል ያዛል። ይህን ካሳ ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ልጁ በየትኛው ዓመት የት እንደተመዘገበ የሚያሳይ ወረቀት ነው። ዛሬ አጋሮ ላይ «ኋላ ቁም» የሚባለው ልጅ ነገ ትልቅ ቦታ ቢደርስ፣ አጋሮ ያሠለጠነችው ስለመሆኑ ማስረጃ ሊኖራት ይገባል።

ተጫዋቹም የራሱ ክርክር አለው፤ ጆሮ ሊሰጠው የሚገባ ክርክር ነው። የእግር ኳስ ዕድሜ አጭር ነው፤ ደመወዝ የሚዘገይበት ክለብ ውስጥ «ለመብሰል» ብሎ የሚቆይ ሰው ቤተሰቡን ያስርባል። ስለዚህ መቆየትን ከተጫዋች ታማኝነት መጠበቅ ትክክል አይመስለኝም። የሚያቆየው በወቅቱ የሚከፈል ደመወዝ፣ በየዓመቱ የሚያድግ ክፍያ በውሉ ላይ አስቀድሞ መጻፉና ሲጎዳ የሚታከምበት ዋስትና ነው። ባሬዚ ቢቆይም ሚላን አልከፈለውም ነበር የሚል የለም።

የጅማ ሰው ደግሞ ዓመታትን መጠበቅ ምን እንደሚያስገኝ በራሱ እርሻ ያውቀዋል። በ1963 ዓ.ም. ግድም የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታይቶ እሸቱን ዛፉ ላይ እያደረቀ መዛመት ሲጀምር፣ የመልኮው የጅማ እርሻ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች መልስ የፈለጉት ከውጭ በሚመጣ ዝርያ አልነበረም። በካፋና በኢሉባቦር ጫካዎች ገብተው በሽታው በመታው ማሳ መካከል ሳይነካ የቆመውን ዛፍ እየለዩ ዘሩን ሰበሰቡ፣ አበቀሉ፣ ሆን ብለው ለበሽታው አጋለጡት፣ ዓመታት ጠበቁ። 74110፣ 74112 የሚባሉት ዝርያዎች ስማቸውን ያገኙት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ስለተመረጡ ነው፤ ዛሬም በጅማ ዙሪያ በስፋት ይተከላሉ። መጀመሪያ የተጠየቁት ብዙ እንዲያፈሩ ሳይሆን እንዲቋቋሙ ነበር።

ለእግር ኳሱም ፍለጋው ከዚያው አካባቢ ሊጀምር ይችላል። ጅማ አባ ጅፋርም ሆነ ነገ የሚያድግ ሌላ የከተማዋ ክለብ ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጌራ፣ ከማና፣ ከቦንጋ 17 ዓመት የሆናቸውን ስምንት ተከላካዮች መርጦ በአንድ ላይ ያሰለጥን። የለቀማው ወራት ሲደርስ ልምምዱን ወደ ማለዳ ያምጣው እንጂ አይሰርዘው። በታዳጊዎች ውድድር ሁሉ መስመር ዳኛ ይኑር። ከስምንቱ አራቱ ዋናው ቡድን ሲደርሱ ቢያንስ የሦስት ዓመት ውል ይፈረምላቸው። በየጨዋታው አራቱ አብረው የቆሙባቸው ደቂቃዎችና በእነዚያ ደቂቃዎች የገቡባቸው ግቦች ተመዝግበው ይያዙ፤ ደመወዛቸው ሲታደስ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ይህ መዝገብ ይሁን። በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ግብ ሊገባባቸው ይችላል፣ ደጋፊውም ይቆጣል፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ አሠልጣኙ ሊሰናበት ይችላል። አሠልጣኙ ቢሰናበትም አራቱ ይቆያሉ፤ ክለቡ ይህንን ከሚመጣው አሠልጣኝ ጋር በሚፈርመው ውል ላይ አስቀድሞ ይጻፈው።